ራፕን በቅኔ ጆሮ መስማት፦ ለአንድ የደሴ ከበሮ መቺ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ሸዋ በር ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምር ነኝ፤ ከበሮም እመታለሁ። ሂፕ ሆፕ እወዳለሁ። የምወደው ግን ስለ ድህነት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሰፈር ኑሮ የሚናገረውን ነው። አንድ ታላቅ ወንድማችን ‹ከበሮ የሚመታ ሰው ይህን አይሰማም› ብሎ ገሠጸኝ። እርስዎ ግን እንደሚያደንቁት ሰምቻለሁ። የዜማ ሰው እዚያ ውስጥ ምን ያገኛል? እኔስ ምን ልማር? በአማርኛ መጻፍም ጀምሬያለሁ፤ ግን ሳነበው ዜና የማነብ ይመስላል።»

ምላሽ፦

አብሽር ወንድሜ። የሰማኸው እውነት ነው፤ አደንቃለሁ። ዜማ ተምሬ፣ ዜማ እያስተማርኩ፣ በገና እየደረደርኩ የምኖር ሰው ነኝ። ቁም ነገር ያለው ራፕ ሲከፈት ግን ሥራዬን አቁሜ እሰማለሁ።

ባጭሩ ምላሼ ይህ ነው። ጥሩ ራፕ በጥበብ የተሠራ ወቀሳ ነው። በጥበብ መውቀስ ደግሞ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ዓመታት ተቀምጠው ከሚማሩት ሙያ አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ራፕን በቅኔ ጆሮ ስማው። በቅኔ ጆሮ ሲሰማ ፍሬውና ገለባው ቶሎ ይለያል።

መጀመሪያ ስለ ታላቅ ወንድምህ። አትቀየመው። ምናልባት የገላትያን መልእክት ምዕራፍ 5 አስቦ ይሆናል፤ «ዘፋኝነት» ከስካርና ከመግደል ጎን ተቆጥሮ የሚገኝበትን። ያንን ቃል አቃልዬ አላልፈውም፤ አንተም አታቃልለው። በሂፕ ሆፕ ስም ከሚወጣው ውስጥ ብዙው እዚያው ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ነው። ሴትን የሚያዋርድ ሞልቷል። መሣሪያ የሚያሞግስ፣ ብር የሚያመልክ ሞልቷል። እሱ ሲመጣ እኔም አጠፋዋለሁ። ለነፍስህ ምን እንደሚበጅ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ እሳቸው ያውቁሃል። እኔ የምመልስልህ የሙያውን ነው።

ግን ከገላትያ ጋር ነቢዩ አሞጽንም አብራችሁ አንብቡ። ምዕራፍ 5፣ ቁጥር 23 እና 24። እግዚአብሔር የዝማሬህን ጩኸት አርቅልኝ፣ የመሰንቆህን ዜማ አላደምጥም ይላል። ቀጥሎ ፍርድ እንደ ውኃ ይፍሰስ ይላል። ለዘማሪ ከዚህ በላይ የሚያስደነግጥ ጥቅስ አላውቅም። ዝማሬው የተናቀው ዜማው ተበላሽቶ አይደለም። ድሃ እየተበደለ፣ ፍርድ እየተጣመመ ስለተዘመረ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ያን ታላቅ ንግግሩን ሲያደርግ የጠቀሰው ይህንኑ ቁጥር 24 ነው። ኪንግ ሰባኪ ነበር፤ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ልጅ። ሂፕ ሆፕ የወጣበት ሕዝብም የዚያ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ በጆሮው አለ። ሰባኪው ሲናገር ምእመኑ ይመልስለታል። ራፐሩ ሲል ሕዝቡ ይቀበለዋል። እኛ ዘንድ መሪና ተቀባይ እንዳለው ሁሉ ማለት ነው።

አጀማመሩን በደንብ እወቀው፤ ከበሮ መቺ ስለሆንክ ይመለከትሃል። ቀኑ በፈረንጆቹ ኦገስት 11 ቀን 1973 ነው። በእኛ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ቡሄ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ሴድጊክ አቬኑ ቁጥር 1520። ሲንዲ ካምቤል የምትባል ልጅ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ብር ፈልጋ፣ በሚኖሩበት ሕንፃ አዳራሽ ውስጥ በመግቢያ ክፍያ የጭፈራ ምሽት አዘጋጀች። ሙዚቃ የሚያጫውተው ወንድሟ ነው። ከጃማይካ በልጅነቱ የመጣ ልጅ ነው፤ ዓለም ዲጄ ኩል ኸርክ ብሎ ያውቀዋል። ይህ ልጅ አንድ ነገር አስተዋለ። ጨፋሪው ከሁሉ በላይ የሚነቃው ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት ቦታ ላይ ነው። ያ ቦታ ደግሞ አጭር ነው፤ ጥቂት ሴኮንድ። ስለዚህ አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ በሁለት ማጫወቻ ላይ አድርጎ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየመለሰ፣ የከበሮዋን ቦታ አስረዘማት። በዚያ ላይ በማይክ የሚነገር ቃል ተጨመረ። ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነው።

ብሮንክስ በዚያን ጊዜ የተጎዳ ሰፈር ነበር። ትልቅ አውራ ጎዳና መሐሉን ሰንጥቆት ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተነቅሏል። ሥራ ጠፍቷል። ቤቶች ይቃጠሉ ነበር። ከተማው ሰፈሩን ረስቶታል።

እኔን የሚነካኝ ግን ጊዜው ነው። በዚያው ክረምት፣ በዚያው 1965፣ እዚህ እኛ ዘንድ የወሎ ገበሬ በረሃብ እየረገፈ ነበር። ከገጠር ወደ ደሴ የሚያመጣውን መንገድ ይዞ እየመጣ መንገድ ዳር ይወድቅ ነበር። መንግሥት ደግሞ ወሬው እንዳይወጣ አፍኖ ይዞታል። ዓለም በዓይኑ ያየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ በቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ነው። ችግርን የሚናገር አፍ ሲታፈን ምን እንደሚከተል የወሎ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ወጣት ማይክ ይዞ የሰፈሩን ጉድ ሳይፈራ ሲናገር ስሰማ ይህ ነው የሚመጣብኝ። ያኔ እዚህ እንዲህ የሚል ልጅ ቢኖርና የሚሰማው ቢያገኝ ኖሮ እላለሁ።

ራፕ ግን ሲጀመር ወቀሳ አልነበረም፤ የጭፈራ ነበር። መጀመሪያ የወጡት ሸክላዎች የሚያወሩት ስለ ድግስና ስለ ራስ ጉብዝና ነው። ነገሩን የለወጠው በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዘ ሜሴጅ» ነው። የወጣው በግራንድማስተር ፍላሽና በፊዩሪየስ ፋይቭ ስም ነው፤ ግጥሙን በዋናነት የጻፉት ግን ኤድ ፍሌቸርና ሜሊ ሜል ናቸው። እስቲ ጊዜ ወስደህ ስማው። ምቱ በዚያ ዘመን ለጭፈራ ከተለመደው ቀስ ያለ ነው። ቀስ ስላለ እያንዳንዱ ቃል ይሰማል። ግጥሙ ምክር አይሰጥህም። ያየውን ነው የሚነግርህ። የተሰባበረ ጠርሙስ፣ ሽታ፣ ጫጫታ፣ ሰፈሩን ለቆ እንዳይሄድ ገንዘብ ያጣ ሰው። ወደ መጨረሻው አንድ ሕፃን ይወለዳል። ያድጋል፤ ብር የያዙትን የሰፈሩን ወንበዴዎች እያየ ይመኛል፤ ትምህርቱን ይተዋል፤ ይሰርቃል፤ ይታሰራል፤ እስር ቤት ውስጥ ይሞታል። አንድ ሙሉ ዕድሜ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ። ስብከት ሰምቼ አውቃለሁ፣ ሙሾም ሰምቼ አውቃለሁ፤ ይህ ሁለቱንም ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይቀመጡ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 50 ቅጂዎች አንዱ አድርጎታል። የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ሙያው ልግባ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ስልቱ ሦስት፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ መሆኑን ታውቃለህ። የዜማው መጽሐፍ በሆነው ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ የሚጻፉትንም ምልክቶች ሳታይ አትቀርም፤ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ። እነዚህ ምልክቶች ቃሉ እንዴት እንደሚባል ይነግሩሃል። የት ድምፅህን ይዘህ እንደምትቆይ፣ የት ቆርጠህ እንደምትጥል፣ የት ከደረትህ እንደምታወጣው። ቃሉ ጌታ ነው፤ ዜማው አገልጋዩ ነው።

አንድ ጊዜ የአንድ አማርኛ ራፕ ግጥም በወረቀት ገልብጬ፣ ከመስመሮቹ በላይ እነዚህን ምልክቶች በእርሳስ አደረግሁባቸው። ለራሴ ልምምድ ነው፤ ድጓ ላደርገው አይደለም። ያየሁት ነገር ገረመኝ። ልጁ ድምፁን ከፍ ዝቅ አያደርግም፤ አንድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ቅናትና ርክርክ ላስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። ይዘትና ቁርጥ ግን ወረቀቱን ሞሉት። የት እንደሚሮጥ፣ የት ድንገት እንደሚቆም፣ የትኛውን ቃል አንገቱን ቀጭ አድርጎ እንደሚተወው አስቦበታል። «እናቴ» ከሚለው ቃል በፊት ሙሉ ምት ዝም አለ። ያ ዝምታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም።

እውነቱን ልንገርህ፤ አሁን በየስቱዲዮው ከሚሠሩት ብዙ መዝሙሮች ላይ ይህን ጥንቃቄ አላገኝም። ሙዚቃው ቃሉን ይሸፍነዋል። ዘማሪው ምን እንዳለ ለማወቅ ሁለቴ ሦስቴ መስማት አለብህ። ያሬዳዊ ዜማ ይዘን ቃልን ማክበር ከራፐር መማራችን ያሳዝነኛል፤ ግን መማሩ ካለመማር ይሻላል።

ከበሮውንም ተመልከት። አንተ ወረብ ላይ ስትመታ ምቱ ራሱ ይጓዛል። የማሕሌቱ ደረጃ እንዲህ ነው፤ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይባላል፤ ዝማሜው በመቋሚያ፤ ከዚያ ቀስ ያለው መረግድ ይመጣል፤ ከዚያ ፈጣኑ ጽፋት። ምቱ ከዝግታ ተነሥቶ እየሞቀ ይሄዳል፤ ሰዉም አብሮ ይሞቃል። ራፕ ውስጥ ምቱ የትም አይሄድም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባለበት ይረግጣል። የሚጓዘው ቃሉ ነው። አንዴ ከምቱ ቀድሞ ይመጣል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አንዴ በላዩ ላይ ይወድቃል። ለከበሮ መቺ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሳይፈጥኑ ማሞቅ ይቻላል ማለት ነው። እጅህን ይዘህ፣ ምትህን ሳታጣድፍ፣ ቃሉ እንዲሠራ መተው። መዘምራን ከአንተ ከበሮ ጋር እየተሯሯጡ ቃሉን ሲውጡት ሰምተህ አታውቅም?

ቅኔን ላንሣ። ቅኔ ቤት የመጀመሪያዋ ጉባኤ ቃና ሁለት መስመር ናት። እያደገ ሄዶ መወድስ ላይ ሲደርስ ስምንት ይሆናል። ተማሪው በየቀኑ አዲስ ይቆጥራል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላ ሰው ሰርቆ ማቅረብ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። ራፐሮችም ዘንድ ይኸው ሕግ አለ። ሌላ ሰው የጻፈለትን ይዞ የወጣ ራፐር ክብሩን ያጣል። በራስህ ቃል፣ በራስህ ዓይን፣ ዛሬ። ወሎ ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ የዋድላ ቅኔ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ የሚጠራ ነው። ሰምና ወርቁን ከልጅነትህ ጀምሮ ስትሰማው አድገሃል። ጥሩ ራፕ ላይ ሰሙ የሰፈር ወሬ ነው፤ አስፋልቱ፣ ታክሲው፣ ኪራዩ። ወርቁ ወቀሳው ነው።

ወቀሳ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እኔ አንድ መለኪያ አለኝ። የሚወቅሰው ሰው ራሱን ወቀሳው ውስጥ አስገብቷል ወይስ ከላይ ሆኖ ነው የሚናገረው? ኬንድሪክ ላማር የሚባለው የካሊፎርኒያ ልጅ በ2018 እ.ኤ.አ. የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት አግኝቷል። ከክላሲካልና ከጃዝ ውጪ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። እኔ የማደንቀው ግን ለሽልማቱ አይደለም። በ2015 ባወጣው አንድ ሥራ ላይ በዘር የሚንቁትን ሁሉ በቁጣ ሲወቅስ ይቆይና፣ መጨረሻ ላይ ወደ ራሱ ይዞራል። ሰፈር ውስጥ በቡድን ተቧድነን እርስ በርሳችን እየተገዳደልን፣ ሌላ ሰው ሲገድለን ለምን አለቅሳለሁ? ይላል። ራሱን ግብዝ ብሎ ይጨርሳል። ሥራው ሁሉ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ የሚመች አይደለም፤ ያን ደግሜ እልሃለሁ። ይህቺ መዞር ግን ኑዛዜ ናት። በገና ስንደረድር የምናደርገው ይህንኑ ነው። በዐቢይ ጾም በገና ደርዳሪ ተቀምጦ ስለ ሞት፣ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ሲል፣ የሚናገረው ለራሱ ነፍስ ነው። ሰሚው በዚያ በኩል አድርጎ የራሱን ያስባል። ራሱን ያላስገባ ወቃሽ ከሳሽ ብቻ ነው። ከሳሽ ደግሞ በየስልኩ ሞልቷል።

አገር ቤት ልመለስ። አማርኛ ራፕ የአሜሪካ ቅጂ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ወሎን የሰሙ አይመስለኝም። ደሴ ያደገ ሰው ጆሮው ብዙ ነገር ይዟል። ሌሊት ማሕሌት፣ በመውሊድ ጊዜ ከጎረቤት መንዙማ። መንዙማ ላይ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል፤ የሚተላለፈው ምክርና ትምህርት ነው። የወሎ ሼሆች ሕዝቡ እንዲገባው ብለው በአማርኛ ብዙ መንዙማ ደርሰዋል። የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥሞች ደግሞ ትንቢትም ወቀሳም ሆነው በሰው አፍ ላይ እስከ ዛሬ አሉ። ለባለ ጊዜ ያላጎበደደ ቃል ስለሆነ ነው የቆየው። ፉከራና ቀረርቶም አለ። ፉከራ ላይ ቃሉ በዜማ አይደለም የሚሄደው፤ በምት፣ በትንፋሽ፣ በቁጣ ነው። ቡሄ ሲመጣ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆችም ቤቱን እያዩ ለባለቤቱ የሚሆን ስንኝ ወዲያው ይፈጥራሉ። አንተም ጨፍረሃል። እንግዲህ በምት ላይ ቃል መደርደር ከብሮንክስ የተዋስከው ነገር ብቻ አይደለም።

ባቲና አምባሰልም የራስህ ናቸው። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። አሜሪካዊው ራፐር ናስና የጃማይካው ዘፋኝ ዳሚያን ማርሊ በ2010 እ.ኤ.አ. አብረው የሠሩትን አልበም የሚከፍቱት በሙላቱ አስታጥቄ ትዝታ ላይ ነው፤ «የገሌ ትዝታ» ከሚለው ቆርጠው ወስደው። እነሱ ከሩቅ መጥተው የእኛን ቅኝት ለራፕ መሠረት ካደረጉት፣ የደሴ ልጅ ማሲንቆ ያለበት ባቲ ላይ ቢጽፍ ምን ይከለክለዋል? በአማርኛም እነ ቴዲ ዮ፣ እነ ልጅ ሚካኤል፣ እነ ካስማሴ ስማቸው ታውቋል። ሁሉንም አልወድም። አማርኛው እንደ አማርኛ ሲሄድ፣ የእንግሊዝኛ አነጋገር ሳይጎትተው፣ ያኔ ደስ ይለኛል።

አሁን «ዜና ይመስላል» ወዳልከው። ይህ የሚድን ነገር ነው።

አብዛኛው ራፕ አንዱ መስመር አራት ምት አለው። እያንዳንዱን ምት ለአራት ብትከፍለው 16 ቦታ ታገኛለህ። ምቱ በደቂቃ 90 ከሆነ አንዱ መስመር 2.7 ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል። የለመድነው የአማርኛ ግጥም ደግሞ ወል ቤት ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ማለትም ስድስት ክፍለ ቃል፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላ ስድስት ቀለም። 12። 16 ቦታ ላይ 12 ቀለም ስታስቀምጥ 4 ይተርፍሃል። ለትንፋሽና ለዝምታ የምትሆነው ያቺ ትርፍ ናት። አንተ ሳትሞላት አትቀርም። ቃል በቃል ላይ ትደርባለህ፤ ስለዚህ ዜና ይሆናል። አራቷን ቦታ ሁልጊዜ መስመሩ መጨረሻ ላይ አታስቀምጣት። አንዴ ከመጀመሪያው አድርጋት፣ አንዴ ከመሐል። ከዚያ ስማው።

ማጥበቅና ማላላትንም አትርሳ። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ አለ፣ ይገኛል ማለት ነው። የሚጠብቅ ፊደል ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ ላይ ካሳረፍከው ይገዝፋል። ምቱ መሐል በችኮላ ካሳለፍከው አድማጩ ሌላ ቃል ይሰማል። እንግሊዝኛ ራፕ ብቻ እየሰማ የጻፈ ልጅ የሚስተው ይህንን ነው።

ቤት መምታቱስ? አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ቤት መምታት በጣም ይቀላል። ያ ነው አደጋው። እስቲ ይህን ተመልከት፦

ሐረጎን ስወርደው ጭጋግ አጋጠመኝ፣
መንገዱን ሸፍኖ ገደሉን አሳየኝ።

ቤት መታ? መታ። ግን «ኝ» ራሷ ናት የመታችው፤ አንተ ምንም አልደከምክም። እንዲህ ያለውን ስንኝ እስኪመሽ መደርደር ይቻላል። አሁን ግሱን ከጫፍ አንሣውና ስም አስቀምጥ፦

ሐረጎን ስወርደው ጭጋግ ነው ማለዳ፣
መንገዱ ጠፋብኝ ገደል መስሎ ሜዳ።

ያው ቁልቁለት ነው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ የምታገኘው። ላይ ላዩን የመንገድ ወሬ ነው። ግን ይህን ስንኝ ደላላ «ሜዳ ነው፣ አትፍሪ» ብሎ ወደ ዓረብ አገር የሸኛት ልጅ ስትለው አስበው። ሐረጎ ሌላ ሐረጎ ይሆናል። ግሱን አንሥተህ ስም በማምጣትህ ብቻ ለወርቅ የሚሆን ቦታ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ስለ ጉዳዩ አንድ ነገር ልጨምር። የምትጽፈው ስለ ማን ነው? ያላየኸውን ብሮንክስ አትጻፍ። ወሎ ውስጥ ወደ ዓረብ አገር ሰው ያልሄደበት ቤት ፈልገህ ለማግኘት ትቸገራለህ። እናት ስልኳን ትራሷ ስር አድርጋ ትተኛለች። ጻፈው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንት ሴት ልጅ ከገጠር ተነሥታ መጣች። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በፈረቃ እየሠሩ፣ ደመወዙ ለኪራይና ለእንጀራ አልዳረስ ሲላቸው አብረሃቸው ተቀምጠህ ጠይቃቸው። ጠይቀህ ጻፍ። «ዘ ሜሴጅ» ላይ ያለው ሰው የተሰባበረውን ጠርሙስ ያየው በዓይኑ ነው፤ አንተም የምታየውን አስቀምጥ። ስለ ድህነት በደፈናው አትጻፍ፤ ስለ አንዲት ልጅ የሻይ ሒሳብ ጻፍ።

ስለ ጦርነቱም ትጽፍ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ገብቷልና ያላየኸው ነገር አይደለም። ስትጽፈው ግን ሐዘኑን ለጥላቻ አትሽጠው። ወገን ለይቶ የሚሰድብ ራፕ በስልክ ሲዞር ሰምቻለሁ፤ ቤት ይመታል፣ ምቱም ያምራል፣ ግን መርዝ ነው። ያን ጊዜ መለኪያዬን አስታውስ። ራሱን አስገብቷል? የራሱን ወገን ጥፋት ለመናገር ደፍሯል? ካልደፈረ እኔ ማኅበራዊ ቁም ነገር ያለው ብዬ አልጠራውም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበልህ። ራፕ ቅኔ ማሕሌት አይገባም። የያሬድ ዜማ የሚጎድለው ምት የለም፤ ወጣቱን ለመሳብ ተብሎ ቢት የሚጨመርበት ነገር አይደለም። መዝሙራችሁን በራፕ አስመስላችሁ እንድትሠሩት ከእኔ ፈቃድ እየፈለግህ ከሆነ አታገኝም። ከራፕ የምትወስደው ጥንቃቄውን ነው። ቃል ማክበሩን፣ ትንፋሽ መቁጠሩን፣ ድሃውን አለመርሳቱን። ከበሮህ እዚያው ከበሮ ሆኖ ይቆይ። ሁለቱን ቦታቸው ላይ መተው ሁለቱንም ማክበር ነው።

ስትሰማም እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ግጥሙን ብቻ አንብብ፤ ሙዚቃ የለም። ቀጥለህ ምቱን ብቻ ተከተል፤ ቃሉን እርሳ፣ ጉልበትህ ላይ በጣትህ እየመታህ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ስማ፣ የት እንደተገናኙና የት ሆን ብለው እንደተላለፉ ምልክት አድርግ። በዚህ ከተሰማ ብዙ ዘፈን ይወድቃል። የሚቀረው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱ ግን ብዙ ያስተምርሃል።

የጻፍከውን ደግሞ ለዚያ ለገሠጸህ ታላቅ ወንድምህ አንብብለት። ያለ ቢት፣ በተራ ድምፅ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጠህ። ሂፕ ሆፕ ነው አትበለው፤ ግጥም ጻፍኩ በለው። ቅኔ ያወቀ ሰው ከሆነ ሳትጠይቀው አንዱን መስመር ያርምልሃል። ካረመልህ ተቀበል። ከዚያ ከነእርማቱ ወደ እኔ ይዘኸው ና፤ ቅዳሜ ከሰዓት የበገና ተማሪዎቼ ከሄዱ በኋላ ቁጭ ብለን ምልክቶቹን አብረን እናደርግበታለን። እርሳስ ይዘህ ና።